አራቱ የቦሎ ጎማዎች

ውድ ኦቦ ፈይሳ፣

አካም ጂርቱ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ዛኪር ነኝ፤ አዳማ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጎሚስታ፣ የብስክሌትዎን ጎማ እለጥፍልዎ የነበርኩት። ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ሲመረምር ኖሮ እንዴት በብስክሌት ይሄዳል እያልን ከኋላዎ እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያስቀው ሌላ ሰው ነበር።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባቴ በፊት ጥፋቴን ልንገርዎ። ቢያውቁትም ከእኔ አፍ አልሰሙትም።

ሱቄ ግድግዳ ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት አዳዲስ የሚኒባስ ጎማዎች ተሰቅለው እንደነበር ያስታውሳሉ። የቦሎ ጎማ እንላቸው ነበር። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ጎማው የተላጨበት ባለሚኒባስ በማለዳ ይመጣል፤ አራቱን አስርለታለሁ። ምርመራ ጣቢያው እርስዎ ዘንድ ሄዶ ያልፍና ቦሎውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ከሰዓት ይመለሳል። የእኔን ፈትቼ መላጣዎቹን መልሼ አስርለታለሁ። ተከራዮቹ እንዳይለውጡብኝ ብዬ ደግሞ፣ ሰው በማያየው በውስጥ ጎናቸው፣ በጋለ ብረት አንዳንድ «ዛ» አትሜባቸው ነበር። በዚህ ብልጠቴ ስኮራ ኖሬያለሁ። እርስዎ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው መኪናን ከስር በባትሪ የሚያዩ ሰው መሆንዎን ረስቼው ነበር።

አንድ ቀን ብስክሌትዎን እየጠበቁ ሳሉ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ዛኪር፣ እነዚህ ጎማዎች አይሸጡም?»

«ለራሴ ነው ያስቀመጥኳቸው» አልኩዎ።

«መኪና አለህ እንዴ?»

«አላህ ካለ እገዛለሁ።»

«ሃዬ» አሉ፤ ብስክሌትዎን ይዘውም፣ «እንግዲያው ለልጅህ ያድርገው» ብለው ወጡ። ምርቃት መስሎኝ አሜን አልኩ።

ልጄን ዋፊቃን ያውቋታል፤ ሱቁ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያደገችው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ አራት ዓመት ልብስ ሰፋች። ዘንድሮ መንጃ ፈቃድ አወጣችና፣ «አባ፣ ሚኒባስ እንግዛና ጓደኞቼን በሰርቪስ ላመላልስ» አለችኝ። ዕድሜ ልኬን የሰው ጎማ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው፣ በልጄ እጅ የሚነዳ መኪና ሲመጣልኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? ደላላው ሚኪያስ አንድ ዶልፊን ሚኒባስ አገኘልን። ቀለሙ አዲስ፣ ጎማው አዲስ፣ ቦሎው ቀኑ ያላለፈ። ሞተሩን አስነስቼ ሰማሁት፤ ወደድኩት።

ዋፊቃ ግን፣ «የምርመራ ፋይሉን ሳናይ አንገዛም» አለች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ጎሚስታ ነኝ። መኪናን በዓይኔ አውቀዋለሁ።»

«አንተ የምታውቀው ጎማውን ነው፣ አባ።»

ሚኪያስ ባለመኪናውን ለምኖ ሊብሬውንና የፈቃድ ደብዳቤውን አመጣ። ምርመራ ጣቢያው ስንሄድ መዝገብ ቤት ያለችው እናትነሽ አረንጓዴ ፋይል አወጣችልን። በየዓመቱ ፍሬን ያልፋል፣ መብራት ያልፋል፣ ጎማ ያልፋል ይላል። ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል ዋፊቃ ጣቷን ኅዳጉ ላይ አሳረፈች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር።

በ2013፦ «አራቱም ጎማ አዲስ። በውስጥ ጎን ዛ የሚል ምልክት አለ።»

በ2014፦ «ያው ዛ። መኪናው ዓመት ሙሉ ባቱ ሲመላለስ ከርሞ የጎማው ጥርስ አልተነካም።»

በ2015፦ «መኪናው በዚህ ጎማ አልመጣም፤ በዚህም አይሄድም።»

በ2016፦ «ይህን መኪና የምትገዛ ሰው ሆይ፣ የራሱን ጎማ ጠይቀህ እይ።»

ኦቦ ፈይሳ፣ «ዛ» የሚለውን ደጋግሜ አነበብኩት።

እናትነሽ፣ «የኦቦ ፈይሳ ጽሑፍ ነው» አለች። «ቅጹ አይጠይቅም። ደንቡ የሚለው እዚህ የቆመውን መኪና እዩ ነው፤ ጎማው ደህና ከሆነ መኪናውን መጣል አይችሉም። ስለዚህ ይጽፉ ነበር። ማን ያነበዋል ስንላቸው፣ አንድ ቀን አንድ ሰው ይመጣል ይሉናል።» ቀጥላም፣ «ይሄ ዛ ስንት ፋይል ላይ እንዳለ ቢያዩ፣ ጋሼ። ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም» አለችኝ።

ዋፊቃ ታውቃለች። ያንን ብረት ከልጅነቷ ጀምሮ እሳት ውስጥ ስታየው ኖራለች። እኔን አላየችኝም፤ እጄን ነው ያየችው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ቁናው በልጄ ፊት ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ፋይሉን መልሼ ሳገላብጥ የያኔውን ሾፌር ስም አየሁ፦ ጫምሳ። ያኔ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ጫምሳ ሲነዳው መኪናው ነጭ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ቀለም ተቀብቶ ነው ያላወቅኩት። ጫምሳ በመጣ ቁጥር መልሼ የማስርለት መላጣ ጎማ፣ የግራ የፊቱ፣ ሁልጊዜ በውስጥ ጠርዙ ብቻ ተበልቶ ሽቦው ይታይ ነበር። ሲለውጠውም አዲሱ እንደዚያው ይበላል። «መሪህን አስተካክል» እለው ነበር። እሱ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። እርስዎ ሊያዩት ሲፈልጉ የኖሩትን ጎማ እኔ አራት ዓመት በእጄ ይዤው ነበር። የምስክሩ ግማሽ እርስዎ ፋይል ውስጥ፣ ግማሹ እኔ ሱቅ ውስጥ ኖሯል። እኔ የእኔን ግማሽ በአዲስ ጎማ ስሸፍን ኖሬያለሁ።

ወደ መኪናው ተመልሰን ስሩ ገባሁ። ሲባጎ ወጥሬ ከፊት ግራ ወደ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ ወደ ኋላ ግራ ለካሁ። እኩል መሆን ሲገባቸው በአራት ጣት ተለያዩ። ቀለሙን በመፍቻ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ሻንሲው ላይ የብየዳ ጠባሳ ወጣ። መኪናው ድሮ ተገልብጧል፤ ተቃንቷል ቢሉም አልተቃናም። ሚኪያስ፣ «ትንሽ ነገር ናት፣ ጋሽ ዛኪር» አለኝ። መኪናው ውስጥ አሥራ ሁለት ሴት ልጆችና መሪው ላይ ልጄ ሲታዩኝ ቶሎ መነሳት አቃተኝ።

አልገዛነውም። ያየሁትን ለባለመኪናውም ነገርኩት።

በመንገድ ላይ ዋፊቃ፣ «እኚህ ሰውዬ አንተ መሆንህን ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«ያውቁ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልከሰሱህም?»

ይህን ሁሉ ዓመት ሱቄ እየመጡ ሻይ ጠጥተው፣ ቀልዴን ሰምተው፣ ተመልሰው ደግሞ ለማያውቁት ሰው ይጽፉ ነበር። ማንም አልጠየቀዎትም፤ አንብቦ ያመሰገነዎትም የለም። ያ ይመጣል ያሉት ሰው የእኔ ልጅ ሆነች። ሶላቴን ጨርሼ ስቀመጥ ይህ ነገር ይመጣብኛል፤ መደነቄም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ፈርቼዎታለሁ ብል ይሻላል፤ ሰው ደግ ሰውን በሚፈራው ፍርሃት።

በማግስቱ ወደ እናትነሽ ተመልሼ ሄድኩና ዛ ማለት ዛኪር ማለት እንደሆነ ነገርኳት። ያ ምልክት ያለባቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ እያወጣች ነው። የማን መኪና ስንት ጊዜ በእኔ ጎማ እንዳለፈ፣ የራሱ ጎማ ምን ይመስል እንደነበር፣ ያስታወስኩትን ሁሉ ከጽሑፍዎ ስር እየጻፍኩ ነው። አንዳንዶቹ ባለመኪናዎች ሰላምታ ከልክለውኛል። ይሁን። ሌላ ሚኒባስ መፈለጋችንንም አልተውንም፤ ዋፊቃ ፋይል ሳታገላብጥ አንዱንም እንዳልነካ አስምላኛለች።

ዓይንዎ መድከሙንና ባቱ ልጅዎ ሀሴት ዘንድ መግባትዎን የነገረችኝ እናትነሽ ናት። ከደብዳቤው ጋር አንድ ፌስታል በባቱ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ልኬያለሁ። አራቱን ጎማዎች በካራ ቆራርጫቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንንም አያሳልፉም። ፌስታሉ ውስጥ ያሉት አራቱ ቁራጮች የ«ዛ»ው ብረት ያረፈባቸው ናቸው። ደብዳቤውን ሀሴት ታንብብልዎ። እነሱን ግን በጣትዎ ዳብሰው እርስዎ ያንብቧቸው።

ጎሚስታው ዛኪር
አዳማ