መኪና የማይገባበት ሰፈር

ሐሙስ፣ የካቲት 9

ለውዱ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ባሕሩ አያርፍ፣ እኔ አላርፍ፣ ተገናኝተናል።

አውቃለሁ፣ ደብዳቤውን ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው የልጃችንን ወሬ ነው። ደግሞ አፍህ “እኔ ምን አገባኝ” ይላል። እሺ፣ አያግባህ። ደህና ናት። ሆዷ ገፍቷል፤ አዋላጇ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢቀራት ነው ብላለች።

መንገዱን ልንገርህ። አውቶቡሱ የሚያወርደው ከአሮጌው ከተማ በር ውጪ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መኪና የሚባል አይገባም። ዕድሜህን ሙሉ አውቶቡስ ስትነዳ የኖርክ ሰው ብታየው ትስቃለህ። መንገድ የሚሉት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ነገር ነው፤ ከዚያ ደረጃ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ደረጃ። ሻንጣዬን የያዘልኝ ተሸካሚ “እናቴ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጫንሽው?” ቢለኝ ተቆጣሁ። “አንተ ዝም ብለህ ተሸከም!” አልኩት።

ለካ እውነቱን ኖሯል። ምን አድርጌ መሰለህ? መኪናው እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ሳሽግ፣ እጄ እንደለመደው ያንተንም አብሮ ከቷል! ከተጋባን ጀምሮ ጉዞ ሲባል ሻንጣችን አንድ፣ የምከተው እኔ፣ ከታች ያንተ፣ ከላይ የኔ አይደል? ሸሚዞችህ፣ ሹራብህ፣ ቡናማው ጫማህ ሳይቀር በጋዜጣ ተጠቅልሎ እዚህ አለ። ቁምሳጥኑን ስታምስ እንደከረምክ ይታየኛል።

እኔ ከፍቼው ቢሆን በሳቅ ባለፈ ነበር። የከፈተችው ግን እሷ ናት። ታች ደጃፉ ላይ እግሬን እየታጠብኩ ሳለ “አባዬ!” ብላ ስትጮህ ሰማሁ። ጫማህን በእጇ እንደያዘች፣ በባዶ እግሯ፣ ያን ሆድ ይዛ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። “ኋላ ቀርቶ ነው? ለምን ብቻውን ተውሽው? መንገዱ ይጠፋዋል እኮ!” ትለኛለች። “የኔ ልጅ፣ በስህተት ከትቼው ነው” አልኳት። ጫማውን አልጋ ሥር አስቀመጠችና “ሻይ ላፍላልሽ” አለችኝ። አንጀቴን በላችው። እውነቴን ነው የምልህ፣ ያኔ አጠገቤ ብትሆን በዚያው ጫማ አናትህን እልህ ነበር።

“ጀልባ ጠጋኙ” የምትለውን ባሏንም አየሁት። ዝምተኛ ነው፤ ስላንተ አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሳያስፈቅዱህ መጋባታቸው ልክ አልነበረም፤ ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅህን መንፈግ ምን ይሉታል?

ዛሬ ጠዋት ቤት መቀመጥ አላስቻለኝም። ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁና ጠፋሁ። ስወጣ ስወርድ ትንፋሼ ሲያጥር፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ የእንጨት መቀመጫ አገኘሁና ዘፍ አልኩ። አለፍ ብሎ ሌላ አለ፤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ከጀልባ ሳንቃ የተሠሩ ናቸው። ሱቋ ደጃፍ ላይ የቆመች ክር ሻጭ ስታየኝ፣ “ማዘጋጃ ቤቱን እግዜር ይስጠው” አልኳት።

ሳቀች። “የምን ማዘጋጃ ቤት! ያ ጀልባ ሠሪው ነው። ሚስቱ ጉልበቱን የሚያመው አባት አላት አሉ። ከበሩ እስከ ቤታችን ሳያርፍ አይዘልቅም ብላ፣ የት የት እንደሚደክመው ራሷ እየተራመደች አሳየችው። በተጋቡ ሰሞን ነው።”

የማላውቅ መስዬ “ሰውየው መጥቶ ያውቃል?” ብዬ ጠየቅኳት።

“ኧረ እኛ ነን የምንቀመጥበት” አለችኝ።

እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ። ለልጅቷ ምንም አልነገርኳት፤ አንተንም ና አልልህም፣ ብልህ እንደማትሰማኝ አውቃለሁና። አውቶቡሱ ማለዳ ማለዳ ይነሳል። እግዜር ጤናህን ይስጥህ፣ ልብህንም ያለስልስልን። በሩን አልፈህ ስትገባ በስተግራ ያለውን መንገድ ያዝ፤ መቀመጫዎቹን እየተከተልክ ከመጣህ ቤቱ አይጠፋህም።

የልጅህ እናት