የዘሀራ ክርን

ሰኞ፣ ኅዳር 5 ቀን 1998

ሰማንያ ሁለት። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰማንያ ሁለት። ባለፈው አርብ ዘጠና አምስት ነበር።

ክርን ሲዘረጋ ዜሮ ነው፤ ጉርሻ አፍ እንዲደርስ መቶ ሠላሳ ዲግሪ ግድም መታጠፍ አለበት። ዘሀራ ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች ባንዱ ፈትል ክፍል ትሠራለች። እርጥብ ደረጃ ላይ ተንሸራታ ቀኝ ክርኗን ሰበረች። ጀሶው ተፈቶላት እኔ ጋ ፊዚዮቴራፒ ከጀመረች ሦስት ሳምንቷ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሰባ ነበረች። እየጨመረች መጥታ ዛሬ ወረደች።

ሌላም ነገር አለ። ክርኗ ያተኩሳል። ሳጥፈው ሳብ ሳብ እያለ አይደለም የሚቆመው፤ ግድግዳ እንደነካ ድርቅ ይላል።

"ስንት ሆነ ሲስተር?" አለችኝ። ነርስ አይደለሁም፤ ግን ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጠራኝ። "ትንሽ አብጧል፣ ረቡዕ እናየዋለን" አልኳት። ቁጥሩን አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ጦሳ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ ዋለ። ክፍሉ በረዶ ነው። ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ጉልበት፣ አንድ የተጣመመ እግር ያላት ሕፃን። እጄ እነሱ ላይ፣ ሐሳቤ ዘሀራ ክርን ላይ።

ምን ሊሆን ይችላል?
— ቤት ውስጥ ወድቃ? ትነግረኝ ነበር።
— የቤት መልመጃውን ትታ? እሷ አትተውም።
— አለካኬ ተሳስቶ? ሦስት ጊዜ?
— እኔ?

ፋብሪካው እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ "ወደ ሥራዋ መመለስ ትችላለች ወይስ አትችልም" የሚል ወረቀት ፈልጓል። ስለዚህ ባለፈው አርብ መቶ ላደርሳት ፈለግሁና ገፋሁት። "በአላህ ሲስተር!" ብላ ጮኸች። "ትንሽ ቻይው" አልኳት። ተማሪ ሳለሁ የተሰበረ ክርን በኃይል አይገፋም ተብዬ ስንቴ ተነግሮኛል። ዘጠና አምስትን የጻፍሁት ያን ቀን ነው። ደስ ብሎኝም ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

ዘሀራ ከእናቷ ከእትየ ከድጃ ጋር መጣች። እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ፤ የጠቆረም፣ ቢጫ የሆነም።

"ይህ ምንድን ነው?"

እናቷ ናቸው የመለሱልኝ። "እኔ ነኝ የወሰድኋት ልጄ። ቢስቲማ አንድ ወጌሻ አለ፣ እጁ ጥሩ ነው አሉኝ። ሁለት እሁድ በቅቤ አሽቶ ሳበላት። ቶሎ ትዳንልኝ ብዬ ነው፣ ወላሂ።"

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ተውሁት። እሱ ያደረገው እሁድ፣ እኔ ያደረግሁት አርብ። ልዩነታችን ነጭ ጋዋን ነው።

አልነካኋትም። ራጅ እንድትነሳ ላክኋት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

የአጥንት ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ ቆየ። "እዚህ ጋ ይታይሻል? ጡንቻው ውስጥ አጥንት እየበቀለ ነው።" ታየኝ፤ እንደ ተበተነ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር።

ማሸት የለም። መግፋት የለም። ራሷ በቻለችው ልክ ብቻ ታንቀሳቅሰው። አጥንቱ እድገቱን እስኪያቆም ወራት ይፈጃል፤ ከዚያ ምናልባት አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና። ምናልባት።

"ከምን መጣ?" አልሁት።

"ስብራቱ ራሱ ያመጣዋል። ሲታሽም ሲገፋም ይመጣል። የማን እንደሆነ ፊልሙ አይናገርም።"

መግፋቴን ነገርሁት። "ካርዷ ላይ ጻፊው" አለኝ። ጻፍሁት። ከቀኑ ጋር።

አርብ፣ ኅዳር 9

ለዘሀራም ለእናቷም ሁሉንም ነገርኋቸው። እትየ ከድጃ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። "በእጄ ልጄን ጎዳኋት!"

"እትየ፣ እኔም ገፍቻለሁ። የትኛችን እንደሆንን አይታወቅም።"

ቀና ብለው አዩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘሀራ ወረቀቱን አልረሳችም። "መቶ አሥር ብለሽ ጻፊልኝ። እዚያ የሚለካኝ የለም።"

"ማሽኑ ይለካሻል ዘሀራ። ክር ስትቀጥይ እጅሽን ቶሎ ካልሰበሰብሽ ይወስደዋል።"

ያን ያህል ሲያማት ያላለቀሰችው፣ አሁን አለቀሰች። ሰማንያ ሁለት ብዬ ጻፍሁ፤ ፈትል ማሽን ላይ መሥራት አትችልም፤ ቀላል ሥራ ይሰጣት። ፊቴን ሳታይ ተቀብላኝ ወጣች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ምሳ ላይ በግራ እጄ ልጉረስ ብዬ ሞከርሁ። ዘሀራ የመጀመሪያው ቀን ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ነው፦ "በግራ መብላት ነውር ስለሆነ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምበላው።" ሦስት ጎርሼ ተነሳሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ስለሆነ ሰው የለም። ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም። ብትመጣም ሌላው ባለሙያ እንዲይዛት ለምኜው ነበር።

ብቻዋን መጣች። የፋብሪካው አስተዳደር ወረቀቱን አንብቦ ከማሽን አንስቷታል። ለሦስት ወር መጋዘን ውስጥ የተጠቀለለ ክር ትለያለች። ከዚያ በኋላስ? "እናያለን" ነው ያሏት። ትናንት እሁድ እሷና እናቷ ቢስቲማ አልሄዱም።

"ካሁን በኋላ እሱ ቢይዝሽ ይሻላል" ብዬ ባልደረባዬን አሳየኋት።

አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። "ወጌሻው እስካሁን ድናለች ነው የሚለው። አንች ግን ያደረግሽውን ነገርሽኝ።" ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ እጇንም ራሷ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው።

"አልነካሽም። ራስሽ እጠፊው" አልኳት። አጠፈች። ቆመ። መለኪያውን አስጠጋሁ።

"ስንት ሆነ?"

"ሰማንያ ሁለት።"

"አልወረደም?"

"አልወረደም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ቀጥላም፣ እኔ ምን መስዬ እንደታየኋት እንጃ፣ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አለችኝ። እኔን።

ረቡዕ ትመጣለች። መለኪያው ላይ ምን እንደማነብ አላውቅም።