አጣርቻለሁ ያልኩት መንገድ

ዓርብ፣ ሰኔ 13

«በረዶ ጠፋ።»

ተራራው ሥር ካለችው ከሮብ ገበያ ከተማ ከመጣ ሚኒባስ የወረዱ ሽማግሌ መናኸሪያው ላይ ለሌላ ሰው ሲናገሩ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። እሰየው። ማክሰኞ የወረደው በረዶ ጮቄ ተራራ ላይ ተነጥፏል ሲባል የነገው ጉዟችን አሳስቦኝ ነበር። የእግር ጉዞ ማኅበራችን ሁለት አባላት አሉት፦ እኔና ይታያል፣ የትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ መምህር። እሱ ስንቅ ይይዛል፣ እኔ መንገድ አጣራለሁ። ወዲያው ደወልኩለት። «አጣርቻለሁ፤ በረዶው ጠፍቷል።» ከማን እንደሰማሁ አልጠየቀም።

የምንይዘው፦ ዱላ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቆሎ፣ ትርፍ ካልሲ። አመሻሽ ላይ መልሶ ደውሎ «ገመድም ብንይዝ» አለ። አልተቀበልኩትም። የምንሄደው ተራራ እንጂ ጉድጓድ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ጉድጓድ ነበር።

ከሮብ ገበያ በላይ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እስከሚጀምሩበት ድረስ ያለው ጭቃ ብቻ ነው። ከዚያ ፀሐይ የማያገኘው ሸለቆ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ይታያል ቆመ። «ጠፍቷል አላልክም?»

«ትርፍራፊ ነው። ጠንካራ ነው፣ እለፍ።»

ከየት አምጥቼ እንዳልኩት አላውቅም። በሦስተኛው እርምጃው ተደረመሰ። ላዩ የተጋገረ በረዶ፣ ሥሩ ባዶ፣ ከባዶው በታች የሚሮጥ ውሃ። እስከ ጭኑ ገባ፤ ቀኝ እግሩ ድንጋይ መሃል ተቀረቀረ። በዝናብ ልብሱ እጅጌ ጎትቼ አወጣሁት። እግሩ ያሰማውን ድምፅ አልጽፈውም።

ጩኸቴን የሰሙ አራት ገበሬዎች ከሁለት አጣናና ከአንድ ጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙት። አንደኛው ወደኔ ዞሮ፣ «የሰነበተ በረዶ በዱላ ሳይመቱት ይረገጣል እንዴ፣ ጌታው?» አለኝ።

ዱላዬን አየው። እኔም አየሁት።

«ነው ወይስ ለሞገስ ነው የያዙት?»

ሌላው ከኋላ፣ «ተዋቸው። እኛንስ ማክሰኞ በረዶ አጠፋን አይደል? ገብሱ እንዳለ ነው የተኛው» አለ።

በረዶ አጠፋን። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ሽማግሌው «በረዶ ጠፋ» አላሉም። «በረዶ አጠፋ» ነው ያሉት። «አ»ዋን «ዶ» ውጧት ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሰምና ወርቅ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ አንድ ገበሬ አዝመራው መውደሙን ሲናገር የመንገድ መረጃ አድርጌ ወሰድኩት። ቃሉ ሦስተኛ ፍቺም አለው፦ አጠፋሁ።

ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ሐኪሙ እብጠቱ እስከ ረቡዕ ካልጎደለ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ብሏል። ይታያል ለጠያቂው ሁሉ፣ «እሱ እኮ አጣርቶ ነበር። የተፈጥሮ ነገር ነው» ይላል። ጠያቂ ያመጣለትን ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ። በላሁት።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ለይታያል ልናዘዝ ሄድኩ። ስለ አየሩ ሁኔታ አውርተን ተመለስኩ። ሚስቱ በላይነሽ በር ድረስ ሸኝታኝ፣ «አንተም ከሳህ እኮ፣ ወንድሜ። በራስህ አትፍረድ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

የፈተና ወረቀት አረምኩ። ለሁሉም ነጥብ አበዛሁ። ንስሐ ይባል እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

እብጠቱ ጎደለ። ቀዶ ጥገና የለም፤ ጄሶው ብቻ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ተመስገን።

በላይነሽ ባለችበት ለይታያል ሁሉንም ነገርኩት። ሽማግሌውን፣ «አ»ዋን፣ ማንንም አለመጠየቄን፣ «ጠንካራ ነው» ያልኩትን። በቃሌ አጥንቼው ስለነበር ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ይታያል ጣሪያውን እያየ ሰማኝ። እንደተቀየመኝ ገመትኩ።

«ንገረው እንጂ» አለችው በላይነሽ።

«ተይው።»

«ምኑን ነው የምተወው? ሰውዬው ሊሞት ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አጣርቻለሁ ብሎኛል እኮ። አላመንኩህም ብዬ ላሳፍረው?»

ዓርብ ዕለት እኔ ስልኩን እንደዘጋሁ፣ ይታያል ሮብ ገበያ ለሚኖረው ለበላይነሽ ወንድም ደውሎ ኖሯል። ወንድሟም «አልቀለጠም፣ እንዳትወጡ» ብሎታል።