አባባ እግሬን አልታጠብም አለ

ወንድም ጋሼ ኢሳይያስ፣ በጌታ ስም እለምንሃለሁ፣ የአሁኑን እንኳ እመነኝ! ቴፒ ሁላችሁም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ሚዛን ደህና ነን፣ ቡናው አብቧል፣ ላሟም ወለደች። አባባ ግን ቀበሌ ታስሮ ከተፈታ ወዲህ ቁርጥማት ነው ይላል። ባለፈው ስነግርህ "ገበሬ ቁርጥማት ያጣል እንዴ" ብለህ ሳቅህብኝ። ቁርጥማትማ ጉልበት ነው የሚይዘው፣ እሱ ግን በዳዴ ነው ጓሮ የሚወጣው። ማታ ማታ እግሩን የማጥበው እኔ አይደለሁ? አሁን ውስጥ እግሩን በጋቢው ሸፍኖ "ተይኝ ልጄ፣ ዝሎ ነው" ይላል። ወጌሻ ልጥራ ስለው አለቀሰ፣ አባባ! እማማ መጽሐፍ ቅዱሱን እንዳያገኙት ቀበረችው። ዛሬም ሲመሽ ቀበሌ ና ብለውታል። ልጆቹን ሳምልኝ። ይሄን የጠዋቱ መኪና ሾፌር ያደርስልሃል፣ እኔ ቴሌ ደጃፍ ቆሜ እጠብቃለሁ።
እህትህ ንጋቷ
በሞቴ፣ ሳይመሽ ደውልልኝ።