በራችን ላይ ያለው ሰማያዊ ክብ

የሆዴ ልጅ፣ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ተሽሎኛል፤ ቧንቧውም ተጠግኗል።

ንዴቴ ግን አልበርድልኝ አለ። ሌባ ሲበዛ የሰፈሩ ኮሚቴ «ሌብነት እንዲቀንስ ስንት ትከፍላላችሁ?» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። አባትሽ «የተባለውን!» አለ። ዘበኛ ተቀጠረ፤ እንዲለየንም በከፈለ ሰው በር ላይ ሁሉ ሰማያዊ ክብ ተቀባ። ሌባም ዓይን አለው። ምልክት የሌለው የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በር ብቻ ነበር። ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ሌባው እሷ ቤት ገብቶ የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ወጣ። ዘበኛው ቆሞ ያያል።

«ምነው ዝም አልክ?» ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው፣ «እማማ፣ እሷ እኮ አልከፈለችም» አለኝ።

አባትሽ ደግሞ «እኛን አልነካን፤ አንቺን ምን አንጨረጨረሽ?» ይለኛል። ስትሄጂ የለበስሽውን ካፖርት ማን ሰፋልሽ? ለካ እኛ የከፈልነው ለሌባው መንገድ ልናሳየው ኖሯል!

ዛሬ ክቡን በቢላ ፋቅሁት። አባትሽ አኩርፏል፤ እኔም ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ይሁን።

እባክሽ ልጄ፣ ከእኛ በፊት ለእሷ ደውዪላት። እኔ በሯን ለማንኳኳት አፍሬያለሁ። በሄድሽበት ሁሉ ጎረቤት አይንሳሽ።

እናትሽ