ለካፒቴን ኢዋዞ መብራት አይበራም

ወንድሜ ካፒቴን ኢዋዞ ኩዶ ከአባታቸው ከአቶ ዮሄይ ኩዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሳዋ ናራ በ1941 እ.ኤ.አ. በጃፓን በሆካይዶ ደሴት፣ በኢሶሃማ ወደብ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚሁ ወደብ ተከታትለው በአሥራ አምስት ዓመታቸው በአባታቸው ጀልባ ሌሊት ሌሊት ስኩዊድ የሚባለውን ባለ አሥር ክንድ የባሕር እንስሳ ማጥመድ ጀመሩ። በሞቃቱ ወራት ተራውን፣ በብርዱ ወራት እንደ ጦር የሾለውን ቀጭን ስኩዊድ ያወጡ ነበር። ያኔ ጀልባው ላይ የሚንጠለጠለው መብራት ጥቂት ነው። ብርሃኑን አይቶ የመጣው ይያዛል፣ የቀረው ለከርሞ ዘር ይሆናል።

በ1968 ወይዘሮ ፉሚ ሳሳጋዋን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

በሰማንያዎቹ ወደባችን አበደ። አንዱ ጀልባ መብራት ሲጨምር ሌላው እጥፍ ይሰቅላል፤ ባሕሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀን ሆነ። ስኩዊድ ሦስት ልብ ቢኖረውም ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። አንዴ እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ይህን ማን አያውቅም? ሁላችንም እናውቃለን! በማኅበሩ ስብሰባ ግን ተነሥተው የተናገሩት ካፒቴን ኢዋዞ ብቻ ነበሩ።

«እናትየዋን ሳትወልድ ካወጣችኋት፣ ከርሞ ማንን ልታጠምዱ ነው?»

«ኢዋዞ፣ አንተ ደግሞ በሻማ ጥራቸዋ!» ተባሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እሳቸው ግማሹን መብራታቸውን አወረዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማቸው «ካፒቴን ሻማ» ሆነ። ልጆቻቸው ሳይቀሩ በትምህርት ቤት በር ላይ እየተሰደቡ አለቀሱ። የሰደቧቸው ዛሬ ጥቁር ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ይህም ከሕይወት ታሪካቸው ጋር ይነበብ! በይሉኝታ አልዘለውም።

ዛሬ ጀልባዎቹ ባዶ ይመለሳሉ። ባሕሩ ሞቀ ትላላችሁ። ሞቋል፣ እውነት ነው። ግን ስኩዊዱን ባሕሩ ብቻውን ነው የጨረሰው? አፋችሁን ሞልታችሁ እንዳትሉ!

ካፒቴን ኢዋዞ በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ኦባ ሊጠይቋቸው መጡ። በወደባችን ካፒቴን ሲሞት ጀልባዎች ሁሉ መብራታቸውን አብርተው ይሸኙታልና፣ «አይዞዎት ካፒቴን፣ ወደቡን ፀሐይ አስመስለን ነው የምንሸኝዎት» አሏቸው። ወንድሜ የመተንፈሻውን ጭንብል ከፊታቸው ገፍተው፣ «አንዲት መብራት ብታበሩልኝ ከሞት ተነሥቼ እመጣባችኋለሁ!» አሉ። ኅዳር 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ታዲያ ትናንት በየጀልባው ሲዘረጋ ያየሁት የመብራት ሽቦ ምንድን ነው? በቁማቸው ያልሰማችኋቸውን ሲሞቱ ልትሸነግሏቸው ነው? ምን ዓይነት ንቀት ነው! ሽቦውን አውርዱ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ታናሽ እህታቸው ኪሳ ቀርተናል። ሥርዓቱ ሲያበቃ፣ አስከሬናቸው በወጋችን ተቃጥሎ የቀረውን አፅም ይዘን፣ ምሽት ላይ በወደቡ በኩል ወደ ቤት እንመለሳለን። ወደቡ ይጨልም። እንቁላሏን የተሸከመች አንዲት እናት ካለች በሰላም ትለፍ። የወንድሜም ነፍስ እንዲሁ በሰላም ትለፍ፣ ዕረፍት ታግኝ።

ከፊት አንዲት ሻማ ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ። የሳቃችሁባቸው ሁሉ ከኋላ ተከተሉ።