የአባዬ ዘውድ

ዓርብ፣ ግንቦት 1
ከሰዓት። የጅቡቲው ሰፈራችን ካርቲየ 2 በሙሉ በሙቀት ተሸንፎ ተኝቷል። አባዬ ያንኮራፋል። ቬንቲላተሩ እንኳ አይሰማም! "ከአዲስ አበባ እስከ ዶራሌ ወደብ ሲነዳ ከርሞ ነው፣ ተይው" ትላለች እማዬ። እኔ ግን... የከባድ መኪናውን ሞተር ወደብ ላይ ማጥፋት ረስቶ በጉሮሮው ይዞት የመጣ ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2
የሹፌሮች እድር ስብሰባ። አስተርጉሚ ተብዬ ተጎትቼ ሄድኩ። ኢማን የምትባል የአንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ነገር አመጣች። የአንጎልን ምልክት ያነባል፤ እንቅልፍ ሲመጣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ያነቃል። ገና ሙከራ ነው። "የሚስማማ ሰው ለየብቻ ይንገረኝ" አለች በፈረንሳይኛ። ተርጉሜ ሳልጨርስ ሊቀመንበሩ ጋሽ እሸቴ ተነሡ።
"ሁላችንም ተስማምተናል!"
ጭብጨባ። የዚያን ሁሉ ሰው ጭንቅላት በአንድ አፍ! የለቅሶ ድንኳን ሲገዙም እንዲሁ ናቸው።
"ጋሼ፣ የተነበበውስ ለማን ነው የሚሄደው?"
"አንቺ ልጅ፣ እንግዳ አይመረመርም!"
አባዬ እግሬን ረገጠኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13
ንጉሡ ከመንገድ ተመለሱ! ዘውድ ብዬዋለሁ ያንን ግንባሩ ላይ የሚያስረውን ነገር። አባዬ ሳቀ... ግን ቶሎ ተወው። ዘውዱን አውልቆ ጋደም አለ። ዓይኑ ጣሪያው ላይ። ማንኮራፋት የለም። ቢያወልቀውም እንቅልፍ አይመጣለትም።
"በቃ አታድርገው።"
"ጋሽ እሸቴ ቃል ሰጥተው... ላዋርዳቸው እንዴ፣ እስኩ ልጄ?"
እንቅልፉን የሚያጣው እሱ፣ የሚከበሩት እሳቸው። ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ዓርብ፣ ግንቦት 15
ዛሬም አልተኛም። ሰኞ መኪናውን ይዞ ሊወጣ ነው። በዚህ ዓይን?

ኢማንን ፈልጌ አገኘኋት።
"ይሄን ነገር ማን ነው የሚገዛው?"
ዙሪያዋን አየት አድርጋ፣ "ጦር ሠራዊት። ዘብ የሚቆም ወታደር እንዳይተኛ። መጀመሪያ ሹፌሮች ላይ ይሞከራል።"
"ለምን አልነገርሻቸውም?"
"አለቃዬ፣ እነሱ ካልጠየቁ አትንገሪ ብሎኝ ነው።"
ጠይቄ ነበር እኮ! በአማርኛ። እንግዳ አይመረመርም ተባልኩና ለእሷ ሳይተረጎም ቀረ።
"አባቴ እምቢ ማለት ይችላል?"
"በፈለገ ሰዓት። ግን ራሱ ነው ማለት ያለበት። አንቺም፣ ሊቀመንበሩም አይደላችሁም።"
ነገ መጥተሽ ንገሪያቸው አልኳት። እሺ ማለቷ ገረመኝ... ከሥራ አያባርሯትም?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16
ኢማን እድሩ ስብሰባ መጥታ ነገረቻቸው። ቃል በቃል ተረጎምኩ። ጉርምርምታ። ጋሽ እሸቴ ጠረጴዛ መቱ። "ቃል ቃል ነው!"
አባዬ ተነሣ። ታላቅ ሲናገር የሚያቋርጥ ሰው አይደለም።
"ጋሼ፣ ድንኳኑን እርስዎ ይወስኑ። ጭንቅላቴን ግን እኔ።"
ዘውዱን ከኪሱ አወጣና ፊታቸው አስቀመጠው። ማንም አላጨበጨበም። ጓደኛው ጌቾም የራሱን አምጥቶ ከጎኑ አኖረ።
አባዬ ወደ ኢማን ዞረ። "እስካሁን ያነበባችሁብኝ ይጥፋልኝ።"
"እጠይቃለሁ... ግን ለገዢዎቹ ተልኳል። አጥፉ የሚላቸው ሕግ የለም።"
ጋሽ እሸቴ ቁጭ አሉ። "ለመኪና ብቻ መስሎኝ ነበር" አሉ በቀስታ። በእሳቸው ላይ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ። ዋጥኩት።

ዓርብ፣ ግንቦት 29
ከሰዓት። አባዬ አንኮራፋ! ቀጭን ነው፣ እንደ ድሮው አይደለም። መሃል ላይ ይቋረጣል። ብንን ይልና "መንገድ ላይ ነኝ?" ይላል። "ቤት ነህ፣ አባዬ።" ተመልሶ ይተኛል።
ልስማው ብዬ ቬንቲላተሩን አጠፋሁት። በዚህ ሙቀት! እማዬ አየችኝ፤ መልሳ አላበራችውም። ሁለታችንም እያላበን አዳመጥን።
የት አገር ይሆን ግን... ከአባዬ ጭንቅላት በተማሩት ነገር አንድ ወታደር እንቅልፍ አጥቶ የሚቆመው? ለእሱስ ማን ይሆን እሺ ያለለት?